መድኃኒቱ የቀደመው ድባቴ

ስሙ ያሳስታል። «ያልተለመደ ድባቴ» ሲባል አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ሕመም ይመስላል፤ በሐኪም ቤት ግን ብርቅ አይደለም። ያልተለመደ የተባለው ከመማሪያ መጽሐፉ ድባቴ ጋር ስላልገጠመ ነው። በዚያኛው እንቅልፍ ይሸሻል፣ ምግብ ያስጠላል። እዚህ ታማሚው እንቅልፍ ይጥለዋል፣ አብዝቶ ይበላል፣ እጅ እግሩ እርሳስ እንደተንጠለጠለበት ይከብደዋል፤ ትንሽ ፊት ቢነሱት ይሰበራል። ደስ የሚል ወሬ ሲሰማ ደግሞ ለጊዜው ይፈካል። ቤተሰብን «ስንፍና ነው እንጂ ምን ሆነ?» የሚያሰኘውም ይኸው መፍካት ነው።

ትውልዱ ግን ከምልክቶቹ አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ1959 ዌስትና ዳሊ የተባሉ የለንደን ሐኪሞች፣ ለሳንባ ነቀርሳ ወጥቶ በኋላ ለድባቴ የዋለው ኢፕሮኒያዚድ የተስማማቸውን ሕሙማን ከሌሎቹ ለይተው ገለጹ። መድኃኒቱ ቀደመ፣ የሕመሙ ዓይነት ተከተለው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጊዜ በኋላ መስፈርቱን አጠሩት፤ በ1988 ባወጡት ጥናትም የኢፕሮኒያዚድ ቤተሰብ የሆነው ፌኔልዚን 71 በመቶውን፣ የሌላ ቤተሰብ የድባቴ መድኃኒት የሆነው ኢሚፕራሚን 50 በመቶውን፣ ባዶው ክኒን 28 በመቶውን አሻለ። በ1994 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ምርመራ መመሪያ ምልክቶቹን ሲቀበል የዚህ ቡድን እጅ ነበረበት። በመድኃኒት የተለየን ሕመም በዚያው ዘር መድኃኒት መልሶ መፈተን ክብ መንገድ ነው። ውጤቱ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ኢሚፕራሚን ግማሹን አሽሎ ሳለ «አይሠራም» እየተባለ መወራቱ ግን የዚህ ክብ ፍሬ ይመስለኛል።

በ2000 ፍሉኦክሴቲን የተባለ ሌላ የድባቴ መድኃኒት ከኢሚፕራሚን ጋር ተፈተነ፤ 51 እና 53 በመቶ፣ ባዶው ክኒን 23። እዚህ ላይ አንባቢ ይሳሳታል፤ የ1988ቱን 71 ከዚህ 51 አጠገብ አስቀምጦ ፌኔልዚንን ያነግሣል። ሕሙማኑ ሌሎች፣ ጥናቱም ሌላ ነው። ሄንከልና ባልደረቦቹ በ2006 ያሉትን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ የፌኔልዚን ቤተሰብ ከፍሉኦክሴቲን ቤተሰብ ጋር የነበረው ልዩነት በውጤት መጠን (effect size) ሲለካ 0.02 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ሁለቱን ፊት ለፊት ያጋጠሙት ጥናቶች ጥቂት ስለሆኑ እኩልነቱም ቢሆን ገና አልጸናም።

ፌኔልዚን ከሐኪሞች እጅ የራቀው ግን በቁጥር ተሸንፎ አይደለም፤ በአይብ ነው። ታይራሚን የተባለውን በምግብ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር የሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ የቆየ አይብ የበላ ታማሚ የደም ግፊቱ በድንገት ይተኮሳል፤ ብላክዌል በ1963 ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። (የተወነጀለው ለወራት ተቀምጦ የበሰለው የፈረንጅ አይብ እንጂ ትኩሱ የእኛ አይብ አይደለም።) ከፍሉኦክሴቲን ወደ ፌኔልዚን ለመዛወርም ቢያንስ አምስት ሳምንት መታገሥ ግድ ነው፤ ለከበደው ሰው አምስት ሳምንት ረጅም ነው።

ክኒንን ከክኒን በሚያወዳድሩ ጽሑፎች ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ አንድ ጥናት አለ። በ1999 ጃሬትና ባልደረቦቿ ፌኔልዚንን በንግግር ከሚሰጥ የአስተሳሰብ ሕክምና ጋር ለአሥር ሳምንት አጋጠሙት። ሁለቱም 58 በመቶ አሻሉ፣ ባዶው ክኒን 28። የንግግሩ ሕክምና የአይብ ክልከላ አልነበረበትም።