ከጥያቄ የሚነሣ ማስተማሪያ፤ የኤቨርት ሁክ የድንጋይ ምሕንድስና ማስታወሻዎች ሲመረመሩ

በሥራ ላይ ያለ የማዕድን መሐንዲስ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲመዘገብ ከመምህሩ ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም። ሲመላለስበት የኖረውን ገደል፣ ያሳሰበውንም ስንጥቅ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ የሚቀርብ መጽሐፍ መመዘን የሚገባው በያዘው ቀመር ብዛት ሳይሆን፣ ተማሪው ያመጣውን ጥያቄ ሥርዓት ለማስያዝ ባለው ብቃት ነው።

ፕሮፌሰር ኤቨርት ሁክ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1993 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያዘጋጇቸው፣ ኋላም እያሻሻሉ ያለ ዋጋ ያሰራጯቸው «ተግባራዊ የድንጋይ ምሕንድስና» የተሰኙት ማስታወሻዎች በዚህ ሚዛን ከብዙ ድርሳናት ይልቃሉ። ለዚህም የሆንግ ኮንጉ ምዕራፍ ምስክር ነው። በካውሉን፣ በሳው ማው ፒንግ መንገድ ላይ 60 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ተዳፋት በመኖሪያ ሕንጻዎች ትይዩ ቆሟል። ኃይለኛ ዝናብ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ቢደርስ ይናዳልን? ነዋሪዎቹስ ባስቸኳይ መነሣት አለባቸውን? ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በቂ መረጃ የለም፤ የሚጠበቅበት ጊዜም የለም። ደራሲው ግምታቸውን ግምት መሆኑን ሳይደብቁ፣ በቀላል ስሌት ስንጥቁን የሚሞላው ውሃ የተዳፋቱን አቅም ምን ያህል እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ቀመሩ በጥያቄው ታዝዞ ይገባል እንጂ አይቀድመውም። መምህራን ሊያጤኑት የሚገባው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

ጉድለት ግን አለበት። ያ ተዳፋት የመንገድ ዳር ነው፤ የማዕድን ገደል ግን ቁፋሮው በጠለቀ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። ማስታወሻዎቹ ለዚህ የሚሰጡት በአመዛኙ ቁጥር ነው፦ የሚይዘው ኃይል ለሚገፋው ኃይል ሲካፈል፣ ለጊዜያዊ ገደል ከ1.3፣ ብርቱ ጉዳት ለሚያሰጋ ቋሚ ገደል ከ1.5 በላይ መሆን አለበት። 1.2 ያገኘ መሐንዲስ ዕለታዊ ምርቱን በቶን የሚቆጥረውን ሥራ አስኪያጅ «ቁፋሮው ይቁም» ብሎ የሚያሳምንበትን አቀራረብ ከሠንጠረዥ አያገኝም። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በዩታ፣ በቢንገም ካንየን የመዳብ ማዕድን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2013 ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ ሲናድ አንድም ሰው ያልተጎዳው፣ የገደሉ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ሲለካ ስለ ነበረና ሠራተኞቹ በጊዜ እንዲወጡ ስለ ተደረገ ነው።

እንግዲህ ማስታወሻዎቹን የሚመርጥ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ በጽሑፍ ፈተና ብቻ ባይወሰን መልካም ነው። ተማሪው የሆንግ ኮንጉን ምዕራፍ ካጠና በኋላ የራሱን ማዕድን ገደል በዚያው አኳኋን ጽፎ፣ በሥራ አስኪያጅ ቦታ ተቀምጦ በሚሞግተው የክፍል ባልደረባው ፊት ይከላከል።