እኛ በሌለንበት ቀን ማን ይከፍተዋል?

ወልቂጤና ቡታጅራ ላሉ ነጋዴዎች ድረ ገጽ የምንሠራ ትንሽ ድርጅት ነን። አዲስ መሣሪያ ሳይመጣ የሚያልፍ ወር የለም፤ የቀጠሮ ማስያዣው፣ የክፍያ መቀበያው፣ በደቂቃ ውስጥ ገጽ ሠርቶ አስረክባለሁ የሚለው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ለማሳያ ሲቀርብ ሁሉም ያምራል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሥራውን አስረክበን ከወጣን በኋላ ማን እንደሚነካካው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚነካካው የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ የሚያግዝ የባለቤቱ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ላይኖር ይችላል፤ ስልክ ግን ከእጅ አይጠፋም። ስለዚህ በስልክ የማይስተካከል ነገር፣ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ ለእኛ ደንበኛ አይሆንም።

በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። «ደቡብ ክልል» የሚል አድራሻ የያዘ ገጽ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ። አድራሻው ከማስተካከያው ገጽ የሚቀየር ከሆነ ባለቤቱ ሻዩን እየጠጣ ይለውጠዋል። ኮድ ውስጥ ከተቀበረ ግን ለአንዲት መስመር ባለሙያ ፍለጋ መሄድ ግድ ነው።

ከውጭ የመጣ መሣሪያ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በሰዓትና በቀን አቆጣጠር ነው። የክሊኒክ ቀጠሮ ማስያዣ እንውሰድ። ገጹ 9:00 ይላል፤ ታካሚው ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ቀጠሮው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ታካሚውም አልተሳሳተም፤ ችግሩ ሁለቱን ሳያስማማ ገጹን የሠራው ሰው ላይ ነው። እኛ ከጀርባ በዓለም አቀፉ ሰዓት እናስቀምጣለን፤ ፊት ለፊት በእኛው ሰዓት እናሳያለን፤ ከቁጥሩ ጎን «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» የሚለው አይቀርም። ይህን ማስተካከያ የማይቀበል ማስያዣ፣ ነፃ ቢሆንም አንወስደውም።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ለእንግዳ ማረፊያዎች ትልቁ ገበያ ያኔ ነው። መስቀል ለእኛ ሁልጊዜ መስከረም 17 ነው፤ በፈረንጆቹ ግን አንዳንዴ ይንሸራተታል። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት የ2016 መስቀል ሴፕቴምበር 28 ላይ ዋለ፤ በ2017 ወደ 27 ተመለሰ። ይህን የማያውቅ ማስያዣ እንግዳውን የሚያስተናግደው በተሳሳተው ሌሊት ነው፤ የዚያ ሌሊት ክፍል ደግሞ አስቀድሞ ሞልቷል።

ክፍያ ሌላው ፈተና ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደንበኞቻችን «ገጹ ላይ ክፍያ ይግባልን» ይላሉ። ብዙ ሱቅ ውስጥ ማረጋገጫው ገዢው የሚያሳየው ስክሪንሾት ነው፤ ስክሪንሾት ደግሞ ይቀነባበራል። የክፍያ ሥርዓት ሲገጠም ትልቁ ሥራ «ክፈል» የሚለውን ቁልፍ ገጹ ላይ ማስቀመጥ አይደለም። ገዢው ከፍሎ ወደ ገጹ ሳይመለስ ኔትወርክ ቢቋረጥበትስ? ትዕዛዙ «በመጠባበቅ ላይ» ሆኖ ይቆያል፤ የእኛ ሰርቨር የክፍያውን ድርጅት ሰርቨር ራሱ ይጠይቅና ገንዘቡ መግባቱ ሲረጋገጥ ብቻ «ተከፍሏል» ይላል። ገንዘብ ተቀባይዋም የማንንም ስልክ ሳታይ ዕቃውን ትሰጣለች። አዲስ መሣሪያ ዋጋውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ክርክር ሲያስቀር።

ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚታደሰው የሆስቲንግና የሶፍትዌር ኪራይ በብር ሲሰላ አሻቀበ። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት መሣሪያ ለወልቂጤ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ግልጽ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውል ከመፈራረማችን በፊት መውጫውን እናያለን፦ ክፍያው ቢቋረጥ የዕቃው ዝርዝር፣ ፎቶውና የደንበኞች መዝገብ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይገባል? የማይወጣ ከሆነ ሱቁ የራሱን ንብረት ተከራይቶ እየኖረ ነው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስንም በዚሁ መስፈርት እንለካዋለን። ረቂቅ ያፈጥናል፤ የኮድ ስህተት ያሳያል። አማርኛውን ግን ባለቤቱ ጮክ ብሎ እንዲያነበው እናደርጋለን። ደንበኛው ፊት ሊናገረው የሚያፍርበት ዓረፍተ ነገር ካለ ይሰረዛል። የሰዎች ስልክና የጤና መረጃ ደግሞ እንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ አናስገባም፤ የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

አንዳንዴ መልሳችን «ድረ ገጽ አያስፈልግህም» ይሆናል። በቀን ሁለት ፎቶ የሚለጥፍ ክትፎ ቤት የቴሌግራም ቻናሉና ካርታ ላይ በትክክል የተቀመጠ ቦታው ይበቃዋል። ይህን ስንል አንድ ሥራ እናጣለን፤ ሥራው ሲሰፋ ግን ሰውየው ወደ እኛ ይመጣል።

ስናስረክብ ዶሜኑ በደንበኛው ስም ይመዘገባል፤ የይለፍ ቃሎቹም ለእሱ ይሰጣሉ። «እንዲህ ካደረጋችሁ ነገ ወደ ሌላ ይሄዳል» የሚሉን የሙያ ባልደረቦች አሉ። ይሂድ! መሄድ እየቻለ ለሚቀር ደንበኛ የምንመርጠው መሣሪያ፣ መሄጃ ላጣው ከምንመርጥለት የተሻለ እንዲሆን ለማድረግ እንገደዳለን።