ታርጌቱን የሚወስነው ማን ነው?

ማኔጅመንት ተመርቆ በቅርቡ ልብስ ስፌት ክፍላችን የተመደበ ልጅ «ጋሼ፣ ለዚህ ላይን የቴይለር ቲዎሪ ይሻላል ወይስ የማዮ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሱ አልፈርድም። ትምህርቱ የሚሰጣቸው እንደ ነገሥታት ዝርዝር ነው፤ ቴይለር ነገሠ፣ ማዮ ተካው፣ ቀጥሎ ማክግሪጎር፣ ቀጥሎ ጃፓኖቹ። ወለሉ ላይ ግን የተሻረ የለም። የጥናት ክፍሉ ሰዓት መያዣ የቴይለር ነው፤ የልደት ኬኩ የማዮ ወገን ነው፤ ግድግዳው ላይ ያሉት አምስቱ «ማ»ዎች ደግሞ የካይዘን። ሁሉም በአንድ ሺፍት አብረው ይሠራሉ።

የማዮ ስም ስለሚነሳበት ስለ ሆውቶርን ጥናት ስጠይቀው ስለ መብራቱ ሙከራ ነገረኝ። መብራቱን የማያውቅ የለም። ከቺካጎ አጠገብ በነበረው በዚህ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ለኔ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 አጋማሽ የተካሄደው። የስልክ ማዞሪያ ሽቦ የሚያያይዙ 14 ወንዶች አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ፤ አንድ ተመልካች ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ክፍያው በቡድን ምርት ነው፣ ብዙ በሠሩ ቁጥር ሁሉም ይጠቀማሉ። እነሱ ግን በቀን ሁለት መሣሪያ ይበቃል ብለው ተስማምተዋል። ከዚያ ያለፈ ሰው ክንዱ ላይ ቡጢ ይቀምሳል። አንድ ቀን የተረፈው ሥራ ሳይመዘገብ ይቆይና በደከሙበት ቀን ይሞላበታል፤ ወረቀቱ ላይ ምርቱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። የቅርብ አለቃቸውም ያውቃል፣ ዝም ይላል።

ይህን ያነበብኩት ላይን ሱፐርቫይዘር ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ነው፤ ሳነብ ሳቄ መጣ። ኮሌታ የምትሰፋ ኦፕሬተር ነበረችን፣ እጇ ፈጣን። ከሰዓት በኋላ የጨረሰችውን በንድል በክር ታስርና ማሽኑ ሥር ካለው ካርቶን ትከተዋለች፤ ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። ጠዋት ክር ሲበጣጠስባት ወይም ጎኗ ያለችው አራስ ወደ ኋላ ስትቀር ካርቶኑ ይከፈታል። ለምን እንደምትደብቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሰዓት 60 የነበረውን 65 ሲያደርሱት ሰኞ ሰሌዳው ላይ 70 ተጽፎ አይተናል።

ቴይለርን የሚረግሙ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ሰውዬው ራሱ በሚድቬል ብረት ፋብሪካ ወለል ላይ ሠርቷል፤ ሠራተኛ ተመካክሮ እጁን የሚሰበስበው አሠሪው ብዙ በተሠራ ቁጥር የቁራጭ ክፍያውን ስለሚቀንስ መሆኑን አሳምሮ ጽፏል። በሽታውን አውቆ መድኃኒቱን ሳተ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1911 የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ቀላጮች መድኃኒት ተብሎ የመጣውን ሰዓት መያዣ ሲያዩ ሥራ አቁመው ወጡ።

አሁን ደግሞ አንድ አማካሪ መጥቶ በየማሽኑ ታብሌት ካልገጠምን ይላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወዲያው ይቆጠራል፣ መደበቅ ይቀራል። አዎ፣ ካርቶኑ ይቀራል። ከዚያ የሚደበቀው ግን እጅ ነው። ካርቶን ውስጥ ያለ ኮሌታ ቢያንስ ተሰፍቷል፤ ማሽን በተሰበረ ቀን ላይኑን ያድናል። የዘገየ እጅ ምንም አያስቀምጥም። ይህን ስለው «የድሮ ሰው» አለኝ፤ ስብሰባው በሻይ አለቀ።

ካይዘንን አልጠላውም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ መቀስ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ያንገበግበኝ ነበር። ግን የልማት ቡድኑ በጠረጴዛ አቀማመጥ ያተረፈው ጊዜ በማግስቱ ታርጌት ላይ ከተደመረ፣ ቀጣዩን ሐሳብ ማን ያመጣል? ስብሰባው ይቀጥላል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ሐሳቡ ግን ካርቶን ውስጥ ይገባል።

እውነቱን ለመናገር እኔም ካርቶን አለኝ። የወሩ ዕቅድ በ25 ከሞላ የቀረውን ለሚቀጥለው ወር አሳድራለሁ፤ ዋናው ቢሮ 110 በመቶ ካየ የሚያደርገውን አውቃለሁና። ከኔ በላይ ያሉትም እንደዚሁ የሚያሳድሩት አያጡም። ይህ ሙያ ለኔ የሰጠኝ ይኼን ዓይን ነው፤ ሰነፍ የሚባል ሰው ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ጠረጴዛውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ነው። ቤት ውስጥ እንኳ ልጄ በሁለተኛ ሴሚስተር ደረጃዋ ዝቅ ሲል፣ በመጀመሪያው አንደኛ በመውጣቷ ምን እንደጨመርንባት ነው ለእናቷ ያነሳሁት።

ከአስተዳደሩ ጋር የምጨቃጨቀው እንግዲህ በአንድ ነገር ነው። ታርጌት አንዴ ከተጻፈ ማሽኑ ወይም ሞዴሉ እስካልተቀየረ ድረስ አይነካ፣ ይህም ማኅተም ተደርጎበት ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ሦስት ወር ፈቅደውልኛል። እኔ የምፈልገው ዓመት ነው።