በጨዋታ ታሪክ ውስጥ ስላለ የመሙያ ተልእኮ

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ነገር፥ ጓደኞቻችን ስለ ጁገል ግንብ፥ ስለ ሐረሪ ቤት አሠራርና ስለ ሠርግ ልማድ ከሚጽፉት ጥናት ለብቻው የወጣ ስለ ሆነ ያስቅብኝ ይሆናል። ዳሩ ግን ጨዋታው ታሪክ የሚነገርበት ከሆነ፥ ታሪክ በምን ዐይነት አካሄድ ቢነገር እንደሚያምር መመርመር የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሥራ ነው። ደግሞም ነገሩ የተነሣው ከክርክር ነው።

ክርክሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን ታሪኩ በጁገል ውስጥ የሚፈጸም አንድ ጨዋታ ለመሥራት አስበው ረቂቁን እንድናነበው ለጥቂቶቻችን ሰጡን። በረቂቁ አንድ ወጣት በኤረር በር ገብቶ ወደ አሚሩ ግቢ እስኪደርስ ድረስ አርባ ተልእኮ ይፈጽማል። ከአርባው ሠላሳ አንዱ በመልክ ይለያዩ እንጂ በባሕርይ አንድ ናቸው፤ ዐሥር ስፌት አምጣ፥ አምስት ቁና ቡና ልቀም፥ ስምንት ጅብ ግደል የሚሉ ናቸው። እኔም በኅዳጉ ላይ «ይህ መሙያ ነው፥ ይውጣ» ብዬ ጻፍሁ። ከረቂቁ ጸሐፊዎች አንዱ «መሙያ የሌለው ጨዋታ ባንድ ቀን ያልቃል፤ ተጫዋቹስ ማረፊያ አያስፈልገውም ወይ?» ሲል መለሰልኝ። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህም በቃል ከመመላለስ በጽሕፈት መመለስን መረጥሁ።

ይህን ጨዋታ ለማያውቁት መምህራኖቼ ነገሩን ባጭሩ ልግለጽ። በኢንተርኔት መስመር እጅግ ብዙ ሰዎች ባንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱም የአንድ ጦረኛ ወይም የአንድ አስማተኛ ገጸ ባሕርይ ለብሶ ይጓዛል፥ ይዋጋል፥ ደረጃውን ከፍ ያደርጋል። በመንገዱ ላይ የሚያገኛቸው የዚያ ዓለም ነዋሪዎች ሥራ ያዙታል፤ ይህ ሥራ ተልእኮ ይባላል። ዋናውን ታሪክ ወደ ፊት የሚያራምድ ተልእኮ አለ። ታሪኩን ሳያራምድ፥ ሰውየውንም ሳያስተዋውቅ፥ ሰዓቱን ብቻ የሚበላም አለ። መሙያ የምለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

መሙያው እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ለፍርዳችን ይረዳል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤቨርክዌስት በስሙ ውስጥ ተልእኮ የሚል ቃል ቢኖርም፥ ተጫዋቹ ደረጃውን የሚያሳድገው ይበልጡን ከጓደኞቹ ጋራ ባንድ ቦታ ሆኖ አውሬ በመግደል ነበር። በ2004 ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ሲወጣ ግን ተልእኮን መሰላል አደረገው። አሁን ዐሥር ተኵላ የሚገደለው አንድ ገበሬ ስለ ለመነ ነው፤ ተኵላው ከተገደለ በኋላ ደግሞ ሌላው ገበሬ ቀጥሎ ቆሟል። ለዚያ ዘመን ተጫዋች ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር፥ መግደሉ ምክንያት አግኝቷልና። ነገር ግን ምክንያቱ ሲደጋገም ምክንያትነቱን ያጣል። የጨዋታው ክፍያ በየወሩ ወደ 15 የአሜሪካ ዶላር ስለ ነበረም፥ ተጫዋቹ በቆየ ቍጥር የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ሠሪዎቹን ሁሉ በስስት አልከስም፤ በሁለት ጦርነት መካከል የተጫዋቹ ደረጃ ከፍ እንዲል ካስፈለገ መካከሉን አንድ ነገር መሙላቱ አይቀርም። ጥያቄው የሚሞላው በምን ነው የሚለው ነው።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ በፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ ያለው የድግስ ታሪክ ነው። ይህ ጨዋታ በ2010 ወጥቶ ስላልተወደደ እንደ ገና ተሠርቶ በ2013 የወጣ ነው። ቲታን የሚባል የምድር ኀይል ተጠርቶ አገሩን ሊያጠፋ ሲነሣ፥ ጀግናው ከዚህ በፊት ቲታንን ያሸነፉትን አርበኞች ምክር ለመጠየቅ ይሄዳል። አርበኞቹም ምክሩን ከመስጠታቸው በፊት ድግስ እንዲደገስ ይፈልጋሉ፤ ጀግናው ወይን ፍለጋ፥ ዐይብ ፍለጋ ካገር አገር ይላላካል። ድግስ በኛ አገር ዋዛ አይደለም። ጠላው የሚጠመቅበት፥ ጎረቤት የሚጠራበት፥ የቀረው ሰው የሚታማበት ስለ ሆነ አንድ ጥሩ ደራሲ ከድግስ ዝግጅት ብቻ መጽሐፍ ሊያወጣ ይችላል። እዚህ ግን ጀግናው ወይኑን ሲፈልግ ስለ ቲታን የምናውቀው አይጨምርም፥ ስለ አርበኞቹም የምናውቀው ከቀልድ አያልፍም። በታሪኩ ውስጥ አደጋው እየተፋጠነ ነው ይባላል፤ የተጫዋቹ እግር ግን ዐይብ ተሸክሞ ይዘገያል። እንዲህ ያለው አለመስማማት ከርዝመቱ ይልቅ ይጎዳል፤ ታሪኩ የሚናገረውን ራሱ እንደማያምን ያስመስለዋልና። ሠሪዎቹም በነሐሴ 2020 ባወጡት ማሻሻያ ከዚህ ከመጀመሪያው ክፍል ተልእኮዎች ከፊሉን አውጥተው ሌሎቹን አሳጠሩ። ለጓደኛዬ ክርክር ከኔ ቃል ይልቅ ይህ የሠሪዎቹ መቀስ መልስ ይሆነዋል ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልጨምር። በሐረር በስልኩ የሚጫወት ተማሪ የኢንተርኔት ጥቅሉን በብር ይገዛል። ባንድ ምሽት ጥቅሉ ሲያልቅብኝ ያደረግሁትን መለስ ብዬ ባየው አሥራ ሁለት ቆዳ ሰብስቤ ነበር፤ ለማን እንደ ሰበሰብሁ ግን ስሙን አላስታወስሁትም። ልብ ወለድ መጽሐፍ ቢሰለች ገጹን ዘሎ ማንበብ ይቻላል። ጨዋታ ግን ካልፈጸምህ አላሳልፍህም ይላል። ስለዚህ የመጽሐፍ መሙያና የጨዋታ መሙያ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

እንዲህም ሲሆን መዘግየት ሁሉ መሙያ ነው ብል እሳሳታለሁ። የአንበሳውን ጠጉር ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽባራነርም በ1959 እ.ኤ.አ. ላሳተሙት የተረት መጽሐፋቸው ርእስ አድርገውታል። እንጀራ ልጇ አልወድሽም ያላት ሴት ወደ አንድ ባለ መድኀኒት ሽማግሌ ትሄዳለች፤ እሱም የአንበሳ ጠጉር ካላመጣሽ መድኀኒት አልሠራም ይላታል። ነገሩን በጨዋታ ቋንቋ ብንናገረው «ሦስት የአንበሳ ጠጉር አምጪ» ማለት ነው፤ ከዚህ የባሰ የተለመደ ተልእኮ የለም። ሴትዮዋ ግን በየቀኑ ሥጋ እየያዘች፥ በየቀኑም ጥቂት እየቀረበች አንበሳውን ታላምዳለች። ጠጉሩን ባመጣች ጊዜ ሽማግሌው፥ በአንዳንዱ አነጋገር፥ ወደ እሳት ይጥለውና ልጁንም እንዲሁ አድርጊ ይላታል። የተሰበሰበው ዕቃ ከንቱ ነበር፤ መሰብሰቡ ግን ትምህርቱ ራሱ ነበር። በጨዋታውም ያ አሥራ ሁለቱ ቆዳ ይጣላል፤ ልዩነቱ ከተጣለ በኋላ በእጃችን የሚቀር አለመኖሩ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ሰብለ ወንጌልን ከማየታችን በፊት በበዛብህ ወላጆች ታሪክ ብዙ ያቆየናል። ትዕግሥት የሌለው አንባቢ መሙያ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በዛብህ ለእግዚአብሔር የተሳለ ልጅ መሆኑን የምናውቀው ከዚያ ነው፤ ያ ስለትም እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሕዝቡ በየሳምንቱ የጠበቀው መዘግየቱን ተቀብሎ ነው። ከጨዋታዎችም መካከል በ2001 የተጀመረው ሩንስኬፕ ጥሩ ምሳሌ አለው። ለጀማሪ ከሚሰጡት ተልእኮዎች አንዱ ለመስፍኑ የልደት ኬክ ዕንቍላል፥ ወተትና ዱቄት ለወጥ ቤቱ ማምጣት ነው። መላላክ ነው፥ ይህ አይካድም። ነገር ግን ዱቄቱን ለማግኘት ስንዴውን ትለቅማለህ፥ ወደ ወፍጮው ሰገነት ትወጣለህ፥ ከላይ ትጨምራለህ፥ ወርደህም ከታች ትሰበስባለህ። ሲያልቅ አገሩን ዐውቀኸዋል። ይኸው ጨዋታ ደግሞ «አንዲት ትንሽ ውለታ» የሚል ተልእኮ አለው፤ አንዱ ሰው እንጨት ይለምንሃል፥ እንጨት ቈራጩ መጥረቢያዬ ይሳልልኝ ይላል፥ ሳዩም ሌላ ነገር ይፈልጋል፥ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ የማያልቅ ይመስላል። ይህ በመሙያ ላይ የተሠራ ፌዝ ነው፤ ፌዙንም ለመሳቅ ሙሉውን መንገድ መሄድ ግዴታ ነው፥ ከዚህ የበለጠ ተንኰል አላየሁም።

አሁን ወደ ሐረር ልመለስ፥ ከተማችን ራስዋ ያንድ ተልእኮ ታሪክ መጨረሻ ሆና ታውቃለችና። የእንግሊዙ መኮንን ሪቻርድ በርተን ኅዳር 27 ቀን 1854 እ.ኤ.አ. ከዘይላ ተነሥቶ ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ። በ1856 ያሳተመው መጽሐፍ ዐሥር ምዕራፍ አለው፤ ሐረር የምትገኘው በስምንተኛው ነው። በሰባቱ ምዕራፍ ውስጥ ዘይላ ይቀመጣል፥ ግመል ይፈልጋል፥ ስለ ሶማሌ ሕዝብ ልማድ ያትታል፥ ይታመማል፥ ከጎሳ ወደ ጎሳ እየተቀባበሉ ያሳልፉታል። ለምግብ ማብሰያ ያስከተላቸውን ሁለት ሴቶች እንኳ ከሺሕ አንድ ሌሊት ወስዶ ሸህራዛድና ዲናርዛድ ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ታሪክ በማዘግየት ሕይወቷን ያተረፈችውን ሴት ስም ለወጥ ቤቱ መስጠቱ ስለ መጽሐፉ አካሄድ ራሱ ሳያስበው የሰጠው ምስክርነት ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ መሙያ ነውን? አይደለም። በመንገድ ላይ የሚያቆሙት ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ከሐረር አጠገብ ያስተናገደው ገራድ አደን ምሽግ ለመሥራት ያስባል፥ ከከተማይቱ ጋራ ያለው ነገርም ያሳስበዋል፤ በርተን ባይመጣ ኖሮ ይህን ከማሰብ አይተውም ነበር። መሙያን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም፤ ጠያቂው ሰው መንገደኛው ባይመጣ በዚያ ቀን ምን ይሠራ ነበር? መልስ ከሌለው ተልእኮው መሙያ ነው።

በዚሁ ጥያቄ ግን በርተን ራሱ በስምንተኛው ምዕራፍ ይወድቃል። ከተማይቱን ከሩቅ ባያት ጊዜ ለዐይን የምትሰጠው ነገር ተስፋውን ዝቅ እንዳደረገው ጽፏል። ጥፋቱ የከተማይቱ አይደለም፥ የአካሄዱ ነው። ሰባት ምዕራፍ ሙሉ ሽልማት ተደርጋ የተጠበቀች ከተማ ሰው የሚኖርባት ስፍራ ሆና መታየት አይሆንላትም። ዐሥር ቀን ተቀመጠ፤ ከአሚር አሕመድ ፊት ቀረበ፤ ቀጥሎም ለመግባት እንደ ተጨነቀው ሁሉ ለመውጣት ተጨነቀ። ሐረሪዎች የሚናገሩት ቋንቋ፥ ሰዋስዉና የቃላቱ ዝርዝር፥ የገባው በመጽሐፉ መጨረሻ በተጨማሪው ክፍል ነው። መንገዱ ታሪክ ሆነ፥ የከተማው ሰው አንደበት ግን ተቀጽላ ሆነ። እኔ በጁገል ውስጥ የተወለድሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህ ነገር ያበሳጨኛል፥ መበሳጨቴንም አልደብቅም።

የጨዋታዎቹም ከተሞች እንዲሁ ናቸው። ነዋሪው በራሱ ላይ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ተሸክሞ ቀንና ሌሊት ባንድ ቦታ ይቆማል፤ የሚጠብቀው መንገደኛውን ብቻ ነው። የጓደኞቼ ረቂቅ ይህንኑ ወደ ጁገል አምጥቶታል። በፈላና በር የቆመችው ሴት ዐሥር ስፌት የምትፈልገው ለማን ነው? የሐረሪ ሴት ስፌት የምትሰፋው ለቤቷ ግድግዳ፥ ለሙሽራ ቤት ነው፤ እንደ ማገዶ ተቈጥሮ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። አንድ ስፌት ብቻ፥ ለተወሰነች ሙሽራ፥ እስከ ተወሰነ ቀን ቢባል ኖሮ ሥራው ያው መላላክ ሆኖ ሳለ ታሪክ ይሆን ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን «ስምንት ጅብ ግደል» የሚለው ነው። በሌላ አገር ጨዋታ ተኵላ በነበረበት ቦታ ጅብ ተተክቶ መጥቷል። ሐረር በግንቧ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ የተወች፥ በየማታው ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ የሚጎረስባት ከተማ ናት። በዐሹራ ቀን፥ በሙሐረም ዐሥረኛው፥ በቅቤ የተሠራ ገንፎ ለጅብ ይቀርባል፤ ጅቡ በደንብ ከበላው ዓመቱ መልካም ይሆናል ተብሎ ይታመናል። እስቲ ይህን ተመልከቱት። እህሉን ማግኘት፥ ቅቤውን መለመን፥ ገንፎውን ተሸክሞ በጨለማ ከበሩ መውጣት፥ ሁሉም መላላክ ነው። ነገር ግን ፍጻሜው በተጫዋቹ እጅ አይደለም፤ ጅቡ ሊበላም ሊተውም ይችላል፥ ከተማውም ይጠብቃል።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለጓደኛዬ አስነበብሁት። ስለ ስፌቱ ተስማማ፤ ስለ ቡናው ቁና ገና እንከራከራለን፥ እሱ የለቀማ ወራት ራሱ አድካሚ ስለ ሆነ ድካሙ በጨዋታው ሊሰማ ይገባል ይላል፥ ይህም ከባድ ክርክር ነው። የጅቡን ተልእኮ ግን በፊቴ ሰርዞ በምትኩ ገንፎውን ጻፈ። ከዚያም እርሳሱን እንደ ያዘ «ጅቡ ካልበላ ጨዋታው ከወዴት ይቀጥላል?» ሲል ጠየቀኝ። እስካሁን አልመለስሁለትም።