የተበሳ ጥርስና የጊዜ መመዘኛ፦ የፉስና የትሮፕ ምደባ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

በተለምዶ ሩት ካናል የሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና ሳይሳካ ቀርቶ በድጋሚ ሲሠራ ከሚያጋጥሙ ችግሮች አንዱ የጥርሱ ግድግዳ መበሳት ነው። የቀድሞውን መሙያ ለማውጣት ሲሞከር መሣሪያው ከቦዩ መስመር ይወጣና ሽንቁር ይከፍታል። በዚህ ረገድ በብዛት ከሚጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ዝቪ ፉስና ማርቲን ትሮፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ነው።

የጽሑፉ ብርታት ግልጽነቱ ነው። ጥርሱ ይትረፍ ወይስ ይነቀል ለሚለው ጥያቄ ሦስት መመዘኛዎችን ያስቀምጣል፤ እነርሱም ሽንቁሩ ከተከፈተ ያለፈው ጊዜ፣ ስፋቱና የሚገኝበት ቦታ ናቸው። ጠባብ፣ ወዲያው የተደፈነና ከአጥንቱ ጠርዝ የራቀ ሽንቁር የመዳን ተስፋው የተሻለ ነው። የቆየ፣ ሰፊና ለአጥንቱ ጠርዝ የቀረበ ከሆነ ግን በባክቴሪያ ስለሚበከል ተስፋው ይመነምናል።

ሆኖም ጽሑፉ በሁለት ነጥቦች ሊተች ይገባል። አንደኛ፣ በመድፈኛ ረገድ ዘመን ቀድሞታል። በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕትመት የበቃው ኤምቲኤ የተባለው ሲሚንቶ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥበት ባለበት መጠንከሩና ከሕብረ ሕዋስ ጋር መስማማቱ ተስፋ የተቆረጠባቸውን ጥርሶች አትርፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ጥምር ትንተና በኤምቲኤ ከተደፈኑት 80 በመቶ ያህሉ እንደተሳካላቸው ያመለክታል።

ሁለተኛው ለእኛ ይብሳል። ምደባው ሐኪሙ፣ መድፈኛውና ታካሚው በአንድ ክፍል የተገናኙ ያህል የተጻፈ ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ለደረሰ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ ገበሬ፣ ትኩስ የነበረው ሽንቁር መንገድ ላይ የቆየ ይሆናል። አንድ ጊዜ ፊቱ አብጦ የመጣ ታካሚ አክሜ ነበር፤ ጥርሱ ከወራት በፊት መበሳቱን የነገረው አልነበረም፤ በሪፈር ወረቀቱም ላይ «የጥርስ ሕመም» ከሚል በቀር አልተጻፈም።

ስለዚህ ከሦስቱ መመዘኛዎች ጎን አራተኛ ልጨምር እወዳለሁ፤ እርሱም እውነቱን መናገር ነው። ባለሙያው መድፈኛ ባይኖረው እንኳ ደሙን ማቆም፣ ሶድየም ሃይፖክሎራይት በሽንቁሩ እንዳያልፍ መጠንቀቅ፣ ጥርሱን በጊዜያዊ መድፈኛ አጥብቆ መዝጋት፣ የተበሳበትን ቀንና ቦታ በሪፈር ወረቀት ላይ መጻፍና ለታካሚው መንገር ይችላል። ሽንቁር በማንም እጅ ሊከፈት ይችላል፤ የተሸሸገ ሽንቁር ግን ጥርስ ያስነቅላል።