ስለ ውሻ ኅብለ ሰረሰር ዕባጭ አመረማመር

ያረጀ ጀርመን ሼፐርድ የኋላ እግሮቹን መጎተት ሲጀምር፣ ምንም ምስል ሳይነሣ የሕመሙን ስም የሚናገሩ ሐኪሞች አሉ። ስሙም ዲጄኔራቲቭ ማየሎፓቲ፣ ማለት ቀስ በቀስ የሚመጣ የኅብለ ሰረሰር መመንመን ነው። ይህ ሕመም የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው፣ ባለቤቱ ከብዙ ኀዘን በኋላ ውሻው በመርፌ እንዲሞት ይፈቅዳል። እኛ የምንነቅፈው ይህን ችኮላ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ኤስ ኦ ዲ 1 የተባለው ጂን ለውጥ ከዚህ ሕመም ጋራ ግንኙነት እንዳለው ታውቋል። የጂኑ ምርመራ ግን የሚመሰክረው ውሻው ለሕመሙ የተጋለጠ መሆኑን ነው እንጂ፣ ዛሬ እግሩን ያሰነፈው ያው መሆኑን አይደለም። በሕይወት ሳለ ሕመሙ የሚገመተው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ሲታጣ ነው፤ የሚረጋገጠውም ከሞተ በኋላ ኅብለ ሰረሰሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። «ጀርባው ሲነካ አይጮህም» የሚለውም ማስረጃ አያጠግብም፤ በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያደገ ዕባጭ ሥቃይ ላያሳይ ይችላልና።

ዕባጭ በሦስት ስፍራ ይገኛል፤ ይኸውም ከጠንካራው ሽፋን ውጭ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ከኅብለ ሰረሰሩ ውጭ፣ ወይም በራሱ በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ነው። ተራ ራጅ አጥንቱ ካልተበላ በቀር ብዙ አይረዳም፤ ኤም አር አይ ግን ስፍራውን ይለያል። በሁለተኛው ስፍራ የሚገኘውን ሜኒንጂዮማ፣ ቀዳጁ ሐኪም የአከርካሪውን ቅስትና ሽፋኑን ከፍቶ ብዙ ጊዜ ሊያወጣው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው የጨረር ሕክምናም ዕድሜ ይጨምራል። ሦስተኛው እጅግ ከባድ ነው። እርጅናም ብቻውን መለያ አይሆንም፤ ኔፍሮብላስቶማ የሚይዘው ወጣት ውሾችን ነውና።

ምስሉም ቢሆን ወዴት እንዳለ እንጂ ምን እንደ ሆነ አይናገርም። ናሙና ሳይወሰድ ፕሬድኒሶሎን መስጠት ሊምፎማን ለጊዜው አሟሽሾ መርማሪውን ያሳስታል። ጊዜውም አይጠብቅም፤ ጣቱ አጥንቱ ድረስ ተቆንጥጦ የማይሰማው ውሻ እንደገና የመራመድ ተስፋው በጣም ያነሰ ነው።

ኤም አር አይ ውድ ነው፣ በብዙ ስፍራም የለም ይባላል። እውነት ነው። ቢሆንም በኅብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ቀለም ተወግቶ የሚነሣው የቀድሞው ራጅ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እርሱም ከሌለ፣ ሐኪሙ ለባለቤቱ «ዕባጭ ሊሆን ይችላል፤ አላየሁትም» ብሎ ሊነግረው ይገባል እንላለን።