የወንጀል ጉዳዮችና የኢንሳይክሎፒዲያ ሚዛን

ኢንሳይክሎፒዲያ ለትውልድ የሚተላለፍ የዕውቀት መዝገብ እንደ መሆኑ መጠን፣ ስለሚጽፈው ብቻ ሳይሆን ስለሚተወውም ሊጠየቅ ይገባል። ይህ ኃላፊነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ርእሶች አንዱ ወንጀል ነው። ችሎት ከቀረቡት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጉዳዮች መካከል በጽሑፉ ውስጥ ስፍራ የሚያገኙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። አዘጋጁ ታዲያ በምን ሚዛን ይመርጣቸዋል?

ብዙውን ጊዜ ሚዛኑ ዝና ሆኖ ይገኛል። ዝናን የሚያድለው ግን በአብዛኛው ገበያ የሚሻ ጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በለንደን ከተማ፣ በኋይትቻፕል ሰፈር የተፈጸመው ግድያ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልተረጋገጠው ገዳይ «ጃክ ዘ ሪፐር» በሚል ቅጽል ስም ዓለምን ሲያዳርስ፣ የእርሱ ሰለባዎች ተብለው የሚቆጠሩት አምስት ድኾች ሴቶች ተዘንግተዋል። ቅጽል ስሙን ብቻ የሚያነሣ ጽሑፍ ወሬን ያባዛል እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም። የሰፈሩን ድህነትና የጋዜጦቹን ድርሻ የሚያስረዳ ከሆነ ግን ጉዳዩ ስፍራ ይገባዋል።

በአንጻሩ የቲሞቲ ኤቫንስ ጉዳይ ሊታለፍ የማይገባው ነው። ኤቫንስ ሕፃን ልጁን ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 በለንደን ተሰቀለ። ዋነኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር በዚያው ቤት ይኖር የነበረው ጆን ክሪስቲ ነበር። በ1953 በቤቱ የበርካታ ሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ ክሪስቲም የኤቫንስን ሚስት ጭምር መግደሉን አምኖ በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ለኤቫንስ የንጉሣዊ ምሕረት የተሰጠው ግን በ1966፣ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ጉዳዩ የሞት ቅጣት ይቅር ለሚሉ ወገኖች ብርቱ መከራከሪያ ሆኗል፤ በታላቋ ብሪታንያ በነፍስ ግድያ የሚፈረደው የሞት ቅጣት በ1965 ታግዶ፣ በ1969 ለዘለቄታው ቀርቷል።

እዚህ ላይ ምርጫው ብቻውን አይበቃም፤ አመዳደቡም ይመዘናል። ኤቫንስን ከነፍሰ ገዳዮች ተርታ የሚያሰልፍ ዝርዝር የችሎቱን ስሕተት ዳግመኛ ይፈጽማል። ስፍራው የፍትሕ መጓደል የሚገለጽበት ክፍል ነው።

አንባቢ ዝነኛውን ይሻል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የኢንሳይክሎፒዲያ ተግባር አንባቢው የሰማውን መድገም ሳይሆን ያልተረዳውን ማስረዳት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ቢወጣ አንባቢው ስለ ሕግና ስለ ኅብረተሰብ የሚያጣው ዕውቀት አለን? ከሌለ፣ ምንም ያህል ቢወራለት ለጋዜጣ ይተው።